እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች፤ ሦስት ሲኒ ግን አታመጣም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። 32 ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምሬአለሁ። አሁን ሥራዬ የልጅ ልጄን መጠበቅ ነው። እናቷ የምትሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ማለዳ ሐረጎን ወርዳ ማታ ትመለሳለች። ስለዚህ እሙን ከመዋዕለ ሕፃናት የማመጣት፣ ምሳ የማበላትና የቤት ሥራ የማሠራት እኔ ነኝ። እሙ የቤት ስሟ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሷ የቤት ሥራ ነው።

እሙ ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ወር መምህሯ በር ላይ አገኘችኝና "ማዘር፣ እሙ እኮ በጣም ጎበዝ ናት፤ እስከ ሃምሳ ትቆጥራለች" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አያት አይደለሁ! የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቡና ላፈላ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች መጡ። "እሙዬ፣ ከጓዳ ሦስት ሲኒ አምጪልኝ" አልኳት። ሄደች። ክንዷ የቻለውን ያህል ሲኒ አቅፋ እያንቃጨለች መጣች። ሰባት ነው።

"ሦስት እኮ ነው ያልኩሽ።"

ሲኒዎቹን አየች፣ እኔን አየች። "አዎ፣ ሦስት" አለች።

"እስቲ ቁጠሪያቸው።"

በጣቷ እየነካች "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር፣ ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሰቨን" አለች። አንዱንም አልዘለለች፣ አንዱንም አልደገመች።

"ታዲያ ስንት ናቸው?"

እንደገና ከ"ዋን" ጀመረች።

ጎረቤቶቼ ሳቁ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ልጅ በየዓመቱ ከፊቴ ተቀምጦ ያውቃል። አንዳንዱን "ተጫዋች ነው"፣ አንዳንዱን "ልቡ እዚህ የለም" እያልኩ አልፌዋለሁ። ከ"ስንት ናቸው?" ቀጥሎ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ልጅ ምን እያለኝ እንደሆነ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ማታ ወንድ ልጄ ጋ ደወልኩ። ሥነ ልቦና ነው ያጠናው። "እማ፣ እሙ ምንም አልሆነችም። ዕድሜዋ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ጽሑፍ እየተረጎመ በቴሌግራም ይልክልኛል። ያልገባኝን ደውዬ እጠይቀዋለሁ። መነጽሬን አድርጌ እስከ እኩለ ሌሊት የማነብበት ቀን አለ። እናቷ "አንቺ ጡረታ የወጣሽ አልመሰለሽም" እያለች ትስቅብኛለች።

ካረን ዊን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እሙ ቡናው ላይ ያደረገችውን ነገር በብዙ ልጆች ላይ አይታዋለች። መጫወቻ ከፊታቸው ትከምርና "አንድ ስጪኝ፣ ሁለት ስጪኝ፣ ሦስት ስጪኝ" ትላለች። ቃሉን እስከ አስር አጥርቶ የሚጠራ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ብዙ ጊዜ በእርግጥ የሚያውቀው "አንድ"ን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለእሱ "ብዙ" ነው፤ እፍኙን ሞልቶ ይሰጣል። ወራት ያልፉና "ሁለት" ይገባዋል። ሌላ ወራት አልፎ "ሦስት"። አራት ዓመት ሲቃረብ፣ አንዳንዱ ቀደም ብሎ፣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይበራለታል። ሲቆጥር መጨረሻ የጠራው ቃል የጠቅላላው ብዛት መጠሪያ እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ አምስትም ስድስትም በሉት፣ ቆጥሮ ያመጣል።

እሙን ሞከርኳት። አንድ ስላት አንድ፣ ሁለት ስላት ሁለት ታመጣለች። ሦስት ስላት እፍኝ ነው።

እስከ ሃምሳ የምትጠራ ልጅ የምታውቀው ሁለት ነው ማለት ነው። ሌላው አርባ ስምንቱ ዜማ ነው። በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር እንደዚያው ነበር። ገበታው መሃል ያለችውን አንዷን ፊደል በስንደዶ ሲነኩብን ዝም እንላለን። ከ"ሀ" ጀምረን እያዜምን ካልመጣን አናውቃትም። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ነው ዘለው መሃሏን የሚነኩት። የእሙ መምህር ግን መሃሉን ነክታ አታውቅም።

ይህን ስል ልጅ ስለ ብዛት ምንም ሳያውቅ ይወለዳል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በጣም ያስገረመኝ ይኼኛው ነው። ዊን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጥናት የአምስት ወር ሕፃናት ፊት አንድ አሻንጉሊት አስቀምጣ በመጋረጃ ሸፈነችው። ሕፃኑ እያየ ሁለተኛ አሻንጉሊት ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። መጋረጃው ሲነሳ ሁለት ካለ ሕፃኑ አይቶ ይተወዋል። አንድ ብቻ ካለ ግን ፈጦ ይቆያል። አንድና አንድ አንድ ሲሆንበት ግራ ገብቶታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስድስት ወር ሕፃናት 8 ነጥብን ከ16 ነጥብ እንደሚለዩ አሳየ። 8ን ከ12 ግን አይለዩም። እጥፍ ሲሆን ይታያቸዋል፣ በግማሹ ብቻ ሲበልጥ አይታያቸውም። ወር በጨመሩ ቁጥር ዓይናቸው እየጠራ ይሄዳል።

ብዛትን የሚለየው ቦታውም ተገኝቷል። ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንድ ስርጉድ አለ። የአራት ዓመት ልጆች አንጎል በመሣሪያ ሲታይ፣ የሚያዩት ነገር ብዛቱ ሲቀየር ይህ ቦታ ይነቃል። በአዋቂም እዚያው ነው። ዝንጀሮም ላይ ለብዛት የሚነቁ ሕዋሳት ተገኝተዋል ሲለኝ ልጄን "የጦሳ ጦጣዎችም በቆሎአችንን ቆጥረው ነው የሚወስዱት በለኛ!" አልኩት።

እኔ ይህን ሁሉ ያመንኩት ግን ሰኞ ገበያ ነው። ቲማቲም ልገዛ እሙን ይዣት ሄድኩ። እንደምታውቁት በመደብ ነው የሚሸጠው። ሁለት መደብ ጎን ለጎን አለ። ትልቁ አስር ገደማ፣ ትንሹ አምስት። "የቱን እንውሰድ?" ስላት ሳታመነታ ትልቁን አሳየችኝ። ሻጯ "ወይ ጉድ! ይቺስ አያቷን አታስበላም" አለች። ቀጥላ ሁለት የሚቀራረቡ መደቦች አሳየቻት፤ ስምንትና ዘጠኝ ሳይሆኑ አይቀሩም። እሙ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየችና ወደ ሙዙ ዞረች። እኔም ሳልቆጥር ብጠየቅ ያው ነበርኩ። ይህ የግምት ዓይን እድሜ ልክ አብሮን ይኖራል። ለእጥፍ ይበቃል፣ ለስምንትና ለዘጠኝ አይበቃም። ለስምንትና ለዘጠኝ ቃል ያስፈልጋል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን፣ ብራዚል ውስጥ፣ አማዞን ጫካ፣ ሙንዱሩኩ የሚባል ሕዝብ አለ። በቋንቋቸው ከአምስት በላይ የቁጥር ስም የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ብዙ ነጥብ ያላቸውን ሁለት ክምሮች ማወዳደር ላይ ከፈረንሳዮች ብዙም አያንሱም። ልክ ስንት ቀረ ሲባሉ ግን፣ ቁጥሩ ከሦስትና ከአራት ሲያልፍ፣ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ልጅ ሲያድግ በአንጎሉ የሚሆነው ነገር የሁለቱ መገናኘት ነው፤ የዓይኑ ግምትና የአፉ ቃል። ይህ ሥራ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ግን አፉን ብቻ ይዘን እንሮጣለን።

የእሙን የቤት ሥራ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓርብ ያመጣችው ደብተር ላይ "ከ1 እስከ 50 ሁለት ጊዜ ጻፊ" ይላል። እርሳሱን በቡጢ ነው የምትይዘው። 2ን ገልብጣ ትጽፋለች፤ ይህ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። 14 ላይ ስትደርስ አለቀሰች። እኔም ሚስጥሩን ላውጣ፤ ከ15 እስከ 50 ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ። መምህሯ "ቬሪ ጉድ" ብላ ኮከብ ሰጠችኝ።

እስከ ሃምሳ ከማስጻፍ የሚበልጥ ነገር ግን ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ይደረጋል። ረከቦቱ ላይ ሲኒ ስትደረድር አያታለሁ። ጓዳ ስትሄድ ሦስትን አታውቅም፤ እንግዶቹ ተቀምጠው እያለ ግን ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲኒ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ "ለእትዬ የለም!" ብላ ጮኸች። ልክ ነበረች፤ አንድ ጎድሎ ነበር። ቁጥር ሳትጠራ ለአንዱ አንድ፣ ለአንዱ አንድ አድርሳ ጉድለቱን አገኘችው። የመቁጠር ሥሩ ይህ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተራቸው እንደማይዛነፍም ታውቃለች። ሰው ቶናውን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል "በረካ አልደረሰም!" ብላ ነጠላውን ትይዛለች። ይህን ማን አስተማራት? ማንም። ቡና ላይ ተቀምጣ ነው የያዘችው።

ልጄ የነገረኝን ሌላ ነገርም ሞከርኩባት። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ በሰፊው የታወቀበት ሙከራ ነው። ሰፌድ ላይ አምስት ባቄላ ለእሷ፣ አምስት ባቄላ ለእኔ፣ ትይዩ አድርጌ ደረደርኩ። "እኩል ነው?" "እኩል ነው።" ከዚያ የኔን አራርቄ ረድፉን አስረዘምኩት። "አሁንስ?" "ያንቺ በለጠ!" አለች ቅር ብሏት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ እያየችኝ ነው ያራራቅኩት። ፒያዤ ከዚህ ተነስቶ ልጅ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመቱ ቁጥር አይገባውም ይል ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ትተው ከረሜላ አቀረቡ። ረጅሙ ረድፍ አራት፣ አጭሩ ረድፍ ስድስት፤ "የፈለጋችሁትን ብሉ" አሏቸው። የሁለት ዓመት ልጆች ሳይቀሩ አብዛኞቹ ስድስቱን አነሱ። እኔም ሱቅ ላክሁና ከረሜላ አስመጣሁ። አራቱን አራርቄ፣ ስድስቱን አጠጋግቼ አስቀመጥኩ። እሙ ስድስቱን ጠራርጋ ወሰደች። ባቄላ ላይ ብታታልሏት ከረሜላ ላይ አታታልሏትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ሰው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይሆንም። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገጠር ትምህርት ቤት ነበርኩ። ከፍየል ጥበቃ ዘግይቶ ትምህርት የገባ ልጅ ነበረኝ። ሰሌዳ ላይ 6 + 3 ስጽፍ እጁን ከጠረጴዛ ሥር ይከታል። ጣቱን እየቆጠረ ነው። ያኔ ጣት መቁጠር የስንፍና ምልክት ነው ብለን ነበር የምናምነው፤ እኛንም እንዲያ ነው ያስተማሩን። "እጅህን ወደ ላይ!" እለውና በማስመሪያ አንጓው ላይ አቀምሰው ነበር። በዚያ ዓመት ወደቀ፤ ደገመ።

ልጁ ቁጥር አያውቅም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ከፍየሎቹ ጋር መንገድ ላይ አገኘሁት። መንጋው ሰላሳ ይሆናል፣ አርባ ይሆናል። ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አየና "ቡሬዋ የለችም" ብሎ ወደ ገደሉ ሮጠ። ቆጥሮ አይደለም፤ ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል። እንዲያውም አያቴ "ፍየል አይቆጠርም፣ በረከቱ ይነሳል" ትል ነበር። እኔ ልጁ ያለውን ሳላይ የሌለውን ነበር የምገርፈው።

ከስድስት ዓመት በፊት ለሴት ልጄ ሠርግ በግ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አንድ ጋቢ የለበሰ ነጋዴ "ቲቸር!" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። እሱ ነው። ሦስት ሙክት አስመረጥኩ፤ አንዱ 4,350 ብር። እኔ ስልኬ ላይ ማስያውን ስፈልግ እሱ "አሥራ ሦስት ሺህ ሃምሳ" አለኝ። ልክ ነበር። አፉ ሳይንቀሳቀስ ጋቢው ሥር ግን ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አይቻለሁ። ማስመሪያዋን ያስታውሳት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሃምሳዋን ብር ማረልኝ።

እንደ እሱ ያሉ ልጆች ሌላም አገር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የብራዚል ጥናት ሬሲፌ ከተማ ገበያ ላይ ኮኮናትና ፍራፍሬ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሏል። ደንበኛ ሆነው ሂሳብ ሲጠይቋቸው 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ዓይነት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ሲሰጧቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። ጣትን በተመለከተ ደግሞ በቅርቡ አውሮፓ ውስጥ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን በጣት መደመር አለማምደዋቸው ውጤታቸው በጣም ከፍ ብሏል። ይህን ሳነብ የገዛ እጄን አየሁት።

አንድ ሌላ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ለምንድን ነው እሙ "ዋን፣ ቱ፣ ስሪ" የምትለው? እንግሊዝኛ አትማር አላልኩም። ግን በአማርኛ "አሥራ አንድ" ስንል አሥርና አንድ መሆኑ ቃሉ ውስጥ ይሰማል። "አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት" እያለ ይቀጥላል። ከሚሴ ያሉ ዘመዶቻችንም በኦሮምኛ "ኩዳ ቶኮ" ሲሉ ያው አሥርና አንድ ነው። "ኢለቨን" ውስጥ ግን ምኑ ይሰማል? "ትዌልቭ" ውስጥስ? የቻይናና የአሜሪካ ትንንሽ ልጆች ሲወዳደሩ እስከ አሥር እኩል ይሄዳሉ፤ የአሜሪካዎቹ ወደ ኋላ የሚቀሩት አሥርን ሲሻገሩ ነው። የቻይንኛው ልክ እንደኛው "አሥር አንድ፣ አሥር ሁለት" የሚል ነው። የኛም ሃያ ላይ ትንሽ ያደናግራል፣ አልክድም፤ ሃያ ከሁለት ጋር አይመሳሰልም። አርባ ግን ከአራት፣ ሃምሳ ከአምስት፣ ስልሳ ከስድስት፣ ሰባ ከሰባት ይቀዳል። እንግሊዞቹ በራሳቸው ልጆች የተቸገሩበትን ነገር እኛ በክፍያ እንገዛዋለን። በወር የምንከፍለውን እንኳ ባልናገር ይሻላል።

ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። ትልቅ ነገር አልጠይቅም። መዋዕለ ሕፃናቱ ለሦስት ዓመት ልጅ ቁጥር ማስጻፉን ይተውልኝ። በምትኩ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ባቄላ አምጥተው "አራት ስጪኝ" ይበሏት። ስትሳሳት አይቆጧት፤ አብረዋት ይቁጠሩና መጨረሻ ላይ "አራት ናቸው" ብለው ጠቅላላውን ይንገሯት። ይህቺ ትንሽ ነገር ናት የምትረሳው። እኔም ረስቼ ኖሬአለሁ፤ አስቆጥራለሁ፣ "ጎበዝ" እላለሁ፣ አልፋለሁ።

ጨዋታም አለን። ሴቶቹ ቅልሞሽ ሲጫወቱ አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውረው መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ያነሳሉ። ገበጣ እኮ ገብስ መዝራት ይመስላል እንጂ ሂሳብ ነው። ሰኞ ማክሰኞም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ድሃ ቤተሰብ ያላቸው የአራት ዓመት ልጆች ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው በተርታ የተደረደሩ ቤቶች ባሉት የመጫወቻ ሰሌዳ ላይ ጠጠራቸውን እያራመዱ ቁጥሩን እንዲጠሩ ተደረገ። ጨዋታው በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ። ቁጥር ማወዳደርም፣ መቁጠርም ተሻላቸው። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላም አልጠፋባቸውም። በቀለም ብቻ የተጫወቱት ግን አልተለወጡም። ይህን እንዳነበብኩ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁና በየቤቱ ቁጥር ጻፍኩበት። ወገቤን አሞኝ ሁለት ቀን ተኛሁ። የሰፈሩ ልጆች ግን እስከ ማታ አልለቀቁትም።

ለእሙ መምህር አንድ ቀን ቡና ጠርቻት ይህን ሁሉ ነገርኳት። ልጅ ናት፣ አዳመጠችኝ። "ማዘር፣ ወላጆች እኮ ናቸው የሚያስቸግሩን። ደብተሩ ባዶ ከሆነ 'ምን ስታስተምሩ ዋላችሁ?' ይሉናል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌላው ልጅ መቶ ሲጠራ የራሳችን ሃምሳ ላይ ከቆመ እንቅልፍ አይወስደንም። ለዚህ ነው ለእሷ ብቻ ነግሬ ሳልተው ለጋዜጣ የጻፍኩት፤ ወላጆች እንዲያነቡት።

ትናንት ከሰዓት እንደ ልማዳችን ቡና ቀረበ። "እሙዬ፣ ሦስት ሲኒ አምጪ" አልኳት። ጓዳ ገባች፤ ቆየች። ሦስት ሲኒ ይዛ መጣች። ጎረቤቶቼ እልል አሉ። አራተኛ ሰው ሲገባ "አሁን ደግሞ አራት የሲኒ ማስቀመጫ አምጪ" አልኳት። እፍኟን ሞልታ መጣች።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደሴ